የደጋው ሣርና የቆላው ውሃ፤ ሃይማኖትና የተፈጥሮ ጥበቃ በመንዝና በይፋት ታሪክ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማ በር ሲደርስ የደጋው ሜዳ በድንገት ያበቃል። ኢጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ካሠሩት ዋሻ ማዶ ምድሩ ወደ ስምጥ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። ደብረ ሲና በገደሉ ወገብ ላይ ተቀምጣ ትገኛለች፤ ከእርሷ በታች መንገዱ እየተጠማዘዘ ሸዋ ሮቢት ይደርሳል። ከሃምሳ ኪሎ ሜትር በማይበልጥ መንገድ ውስጥ ከፍታው ወደ 2,000 ሜትር የሚጠጋ ይቀንሳል። ከላይ ገብስና ባቄላ፣ ከታች ማሽላ፣ ማሾና ሽንኩርት ይበቅላል። ከላይ ያለው ሕዝብ በብዛት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስቲያን ሲሆን፣ ከታች በይፋት ቆላ ከክርስቲያኑ ጋር አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው ሙስሊም ይኖራል፤ ከዚያም ወዲያ የአፋር ከብት አርቢ ምድር ይቀጥላል።

ይህን ሁሉ ሕዝብ የሚያገናኘው አንድ ነገር ውሃ ነው። ሮቢ፣ ጀውሃና ሌሎችም ወንዞች ከደጋው ጫፍ ይነሣሉ፤ በይፋት ሜዳ አልፈው ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይገባሉ። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ ሐይቆች ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ በደጋው ላይ የተቆረጠ ዛፍና የታረሰ ተዳፋት ውጤቱ የሚታየው በቆላው ማሳ ላይ ነው፤ በክረምት ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል፤ በበጋ ደግሞ የምንጭ መንጠፍ ሆኖ ይታያል። ዛሬ የዓለም የአየር ንብረት በሰው ሥራ እየተለወጠ፣ ዝናሙም ከወቅቱ እየተዛባ ባለበት ጊዜ፣ የሃይማኖት ማኅበረሰቦች ለተፈጥሮ ጥበቃ ምን አድርገዋል፣ ምንስ ሊያደርጉ ይችላሉ የሚለው ጥያቄ በየአገሩ ይነሣል። ለዚህ ጥያቄ የመንዝና የይፋት ታሪክ የራሱ የሆነ መልስ አለው። መልሱም ሙገሳ ብቻ ወይም ወቀሳ ብቻ አይደለም።

አድባርና ዐጸድ

በኢትዮጵያ ደጋማ ክፍሎች ዛፍን ማክበር ከየትኛውም የተጻፈ ሕግ የሚቀድም ልማድ ነው። የአገር ሽማግሌዎች የሚቀመጡበት፣ ጠብ የሚበርድበት፣ ጉዳይ የሚታይበት የአድባር ዛፍ በየመንደሩ ነበረ። አድባር የሚለው ቃል ራሱ ቦታውንም፣ ዛፉንም፣ በዛፉ ዙሪያ ያለውንም የማኅበር ኑሮ አንድ አድርጎ ይይዛል። ክርስትናና እስልምና ወደ ሕዝቡ ሲገቡ ይህን ልማድ በአንድ በኩል ተቃወሙት፤ በሌላ በኩል ግን አዲስ ትርጉም ሰጥተው ወረሱት። በክርስቲያኑ ዘንድ የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ፣ በሙስሊሙ ዘንድ የወሊዮች መቃብር ያለበት ደን የተከበረ ሥፍራ ሆነ።

በዐጸዱ ውስጥ ያለው ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ለጌጥ ብቻ የቆመ አይደለም። ካህናቱ ዛፉን የቤተ ክርስቲያን ልብስ አድርገው ያዩታል፤ ታቦቱ ያለበት ቤት ራቁቱን መቆም የለበትም የሚል እምነት አለ። ከጥላው ሥር የአብነት ተማሪ ቀለሙን ያጠናል፤ ከቅጠሉና ከቅርፊቱ መድኃኒት ይቀመማል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ሲያረጅ ማገሩና ምሰሶው ከዚያው ይገኛል። የዐጸዱ ደን እንግዲህ የጸሎት፣ የትምህርትና የሥራ ቦታ ነበር። እንስሳ አይገባበትም፤ ማንም በግሉ መጥረቢያ አያነሣበትም።

የዚህ ጥበቃ ፍሬ በሳይንስ ተመዝኗል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባቀረቡት ጥናት በደቡብ ጎንደር የሚገኙ 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን መርምረው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎችን መዝግበዋል። ዙሪያው ሁሉ እርሻና ግጦሽ በሆነበት አገር እነዚህ ደኖች እንደ ደሴት ቆመው የአካባቢውን ዕፅዋት ዘር አቆይተዋል።

ነገር ግን ይኸው ማስረጃ ሌላ እውነትም ይናገራል። የዐጸዱ ደን የተረፈው ከዐጸዱ ውጭ ያለው ደን ስላለቀ ነው። ቅድስናው አጥር ነበረው፤ ከአጥሩ ማዶ ያለው ምድር የዚያ ክብር ተካፋይ አልሆነም። በጉልቱ ሥርዓት ዘመን ደግሞ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ከገበሬው ግብር የሚቀበሉ ባለ መሬቶች ነበሩ። ዐጸዱን የሚያከብረው ገበሬ ግብሩን ለመክፈልና ልጆቹን ለመመገብ ተዳፋቱን መመንጠሩ አልቀረም። በውስጥ የሚጠበቀው ዛፍና በውጭ የሚራቆተው ተራራ የአንድ ሥርዓት ሁለት ገጽታዎች ነበሩ።

ወፍ ዋሻና መናገሻ

ከደብረ ሲና በስተ ደቡብ፣ ወደ አንኮበር በሚወስደው ገደል ላይ የወፍ ዋሻ ደን ይገኛል። ጽድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ፣ ከፍ ሲልም አስታ የሚበቅልበት ይህ ደን በሰሜን ሸዋ ከተረፉት ጥንታዊ ደኖች ዋነኛው ነው። በዚያው በአንኮበር ገደላ ገደል በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሳይንስ አዲስ የሆነች ትንሽ ወፍ ተገኝታ የአንኮበርን ስም ይዛለች፤ በዓለም ላይ የምትገኘውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው።

የወፍ ዋሻ ስም በአገሪቱ የደን ታሪክ ውስጥ የተለየ ቦታ አለው። ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው ትውፊት መሠረት በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የወጨጫ ተራራ ተራቁቶ ባዩ ጊዜ ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው ዛሬ መናገሻ ሱባ የሚባለውን ደን አስተከሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡ፣ ደብረ ብርሃንን ቆርቁረው የመጨረሻ ዘመናቸውን በዚያ ያሳለፉ፣ የቤተ ክርስቲያንን ሥርዓት በማጽናት የታወቁ ንጉሥ ናቸው። ትውፊቱ በዝርዝሩ ምንም ቢሆን አንድ ቁም ነገር ይዞ ይገኛል፤ ይኸውም የተራቆተን ምድር መልሶ ማልበስ ከመንግሥትም ከሃይማኖትም ሥራ እንደ አንዱ ሆኖ በሕዝብ ትዝታ ውስጥ መቆየቱ ነው። የጽዱ ዘር ከይፋት አፋፍ ተነሥቶ ዛሬ ለአዲስ አበባ አቅራቢያ ሆኖ የሚታየውን ተራራ አለበሰ።

የደኑ እናት ግን ራሷ ከችግር አላመለጠችም። ከአንኮበርና ከደብረ ሲና ዙሪያ ያለው ሕዝብ ማገዶውንና የቤት መሥሪያውን ከወፍ ዋሻ ሲያገኝ ኖሯል፤ እንጨት ሸጦ ከማደር ሌላ ገቢ የሌለው ድኻም ብዙ ነው። ደኑን ጠብቅ የሚል ቃል ለዚህ ሰው ሌላ እንጀራ ካላመጣለት ትእዛዝ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የይፋት ማዕድ

ቆላውም የራሱ ታሪክ አለው። ከ13ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ የወላስማ ሥርወ መንግሥት የይፋትን ሱልጣኔት ከዘይላ ወደብ እስከ ሸዋ ተረተር በሚዘልቀው የንግድ መንገድ ላይ አቁሞ ነበር። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የጻፈው የአረብ ሊቅ አል ዑመሪ የይፋትን ልምላሜና ሰብል አንሥቶ ጫትና ሸንኮራ አገዳ እንደሚበቅልበት ዘርዝሯል። በቅርብ ጊዜ የታሪክና የሥነ ቁፋሮ ሊቃውንት በተረተሩ ወገብ ላይ አስባሪና ኖራ በተባሉ ሥፍራዎች የመስጊድ፣ የመኖሪያ ቤትና የመቃብር ፍርስራሾችን አጥንተዋል። ሁሉም ጥሩ ድንጋይ አዋቂ በሆነ እጅ የተሠሩ ናቸው።

ያን የድንጋይ ጥበብ የአርጎባ ሕዝብ እስከ ዛሬ ጠብቆታል። አርጎባው በተዳፋት ላይ የድንጋይ እርከን እየሠራ ማሽላና ጥጥ ሲያመርት፣ ሲሸምንና ሲነግድ ኖሯል፤ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን በአንኮበር ግርጌ የነበረው የዐሊዩ አምባ ገበያ የዚህ ሕዝብ የንግድ ማዕከል ነበር። እርከኑን መንግሥት አላዘዘም፤ ገደሉ ራሱ አስገደደ። በእምነቱም በኩል ሰውና እንስሳ፣ ወፍም ጭምር የሚበላውን ዛፍ መትከል በእስልምና እንደ ምጽዋት ይቆጠራል። ሙስሊሙ ለሶላት በውሃ ይታጠባል፤ ስለዚህ መስጊድና ምንጭ የማይለያዩ ነገሮች ሆነው ኖረዋል። የወሊዮች መቃብር ባለበት ሥፍራ ያለው ዛፍም እንደ ቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ከመጥረቢያ የተጠበቀ ነው።

ዝናም በቀረ ጊዜ ሁለቱም ሕዝቦች ወደ ፈጣሪ ይጮኻሉ። ክርስቲያኑ ምሕላ ይይዛል፤ ሙስሊሙ የዝናም ልመና ሶላት ይሰግዳል፣ ዱዓ ያደርጋል። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ በክፉ ቀን፣ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ እንዲሁም በ1977 ዓ.ም. ረሀብ ሰሜኑንና ይፋትን በመታ ጊዜ ይህ ጩኸት ተሰምቷል። የድርቁን ክፋት ያባሰው ግን የሰማዩ መዘጋት ብቻ አልነበረም። የተራቆተው ተዳፋት የወረደውን ጥቂት ዝናም መያዝ አለመቻሉ፣ ገበሬው ትርፍ እህል እንዳያስቀምጥ ያደረገው የመሬት ሥሪትና የእርዳታው መዘግየትም ድርሻ ነበራቸው። ምሕላና ዱዓ ከሰማይ ይለምናሉ። ከሰው የሚጠይቅ ሥርዓት ደግሞ በመንዝ ጓሳ ላይ ቆሞ ነበር።

የጓሳ ሕግ

ከደብረ ሲና በስተ ሰሜን፣ ከይፋት ሜዳ በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የመንዝ ጓሳ ይገኛል። ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት፣ ረጅሙ የጓሳ ሣር የሚበቅልበት ይህ ምድር እንደ ሰፍነግ ዝናሙንና ጉሙን ይዞ ቀስ በቀስ ይለቅቃል። ከምሥራቅ ጫፉ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ ተፋሰስ፣ ከምዕራቡ የሚፈሰው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ሕዝቡ በጓሳው ሣር ቤቱን ይከድናል፤ ገመድ ይገምዳል፤ ከዝናም የሚከልል ልብስ ይሠራል። በድርቅ ጊዜ ደግሞ ለከብቱ የመጨረሻ መጠጊያው ነው።

ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ይህ ምድር ቀሮ በተባለ ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ጓሳው አስቦና ጌራ ለተባሉ የመንዝ አባቶች ዘሮች ተከፍሎ፣ በየወገኑ አባ ቀራ የሚባል አለቃ በሕዝብ ይመረጥ ነበር። ጓሳው እንደ ሣሩ ሁኔታ ለሦስት፣ ለአራት፣ እስከ አምስት ዓመትም ይዘጋል። ሣሩ በደረሰ ጊዜ በበጋ ተከፍቶ ሁሉም በአንድነት ያጭዳል፤ ክረምቱ ሲቃረብ እንደገና ይዘጋል። ክልከላው የሚጸናው በአባ ቀራው ሥልጣን ብቻ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን በመሐላና በውግዘት ታስረው ነበር፤ ሕጉን የጣሰ ሰው የሚያስቀይመው ጎረቤቱን ብቻ ሳይሆን ታቦቱንም ነው። በኋላም ጠፊ ማኅበራዊ ቅጣት ይከተለው ነበር። ይህን ሥርዓት ዶክተር ዘላለም ተፈራ በስፋት አጥንተው ለዓለም ሊቃውንት አስተዋውቀውታል።

ቀሮን ከዐጸዱ ደን የሚለየው ነገር ሊስተዋል ይገባል። በዐጸዱ ዛፉ የተጠበቀው ከሰው አገልግሎት ተለይቶ ነው። በጓሳው ግን እምነት የገባው አጠቃቀምን ሊመራ ነው፤ መቼ ይታጨድ፣ ማን ይጠብቅ፣ አጥፊው ምን ይሁን የሚለውን ለመወሰን ነው። ካህኑ፣ አለቃውና ገበሬው በአንድ ሕግ ተሳስረው ነበር። ጓሳው ከብዙ ደጋማ ቦታዎች ሁሉ ተለይቶ እስከ ዘመናችን ሊደርስ የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ይሁን እንጂ ቀሮ የራሱ ጉድለት ነበረው። መብቱ በዘር የሚወረስ ርስት ነበር። የአስቦና የጌራ ዘር ያልሆነ ሰው፣ በአካባቢው ቢኖርም እንኳ፣ ከጓሳው ድርሻ አልነበረውም። ከጓሳው ገደል በታች በይፋት ቆላ የሚኖረውና የጓሳውን ውሃ የሚጠጣው ገበሬ ደግሞ በዚያ ሸንጎ ፈጽሞ አይታሰብም ነበር። ጓሳው ለመንዝ ሣር ነበር፤ ለይፋት ግን ምንጭ ነበር። ምንጩን በሚመለከት የይፋትን ድምፅ የጠየቀ አልነበረም።

ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ንብረት ሲሆን የርስትና የጉልት ሥርዓት አከተመ። ጭሰኛው ከባለ መሬቱ ቀንበር ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያንም የመሬት ይዞታዋን አጣች። በመንዝ ከዚህ በፊት ከጓሳው የተገለሉ ሰዎች በገበሬ ማኅበር አባልነት እኩል መብት አገኙ። ይህ ለፍትሕ አንድ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን ከርስቱ ጋር የመዝጋትና የመክፈቱ ሕግም አብሮ ወደቀ፤ አባ ቀራው ሥልጣን አጣ፤ ውግዘቱም ኃይሉ ቀነሰ። ለሁሉም የተከፈተው ጓሳ ጠባቂ በማጣቱ ጉዳት ደረሰበት።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም። የአካባቢው ሕዝብ ጓሳው እየሳሳ መሄዱን ባየ ጊዜ ከየቀበሌው ኮሚቴ አቋቁሞ ጥበቃውን በአዲስ መልክ ቀጠለ። በኋላም ጓሳው በማኅበረሰብ የሚጠበቅ ቦታ ሆኖ በክልሉ ሕግ ዕውቅና አግኝቷል፤ ከሕዝቡ መካከል የተመረጡ ጠባቂዎችም ይጠብቁታል። በአዲሱ አሠራር የአሮጌው ሁለት ነገሮች ይታያሉ፤ መዝጋትና መክፈት አለ፤ የጋራ ውሳኔም አለ። የቀረው የዘር ገደቡ ነው። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አሮጌው ሥርዓት ተፈጥሮን ጠበቀ፤ ሰውን ግን ለየ። የመሬት አዋጁ ሰውን እኩል አደረገ፤ ተፈጥሮን ግን ያለ ጠባቂ ተወ። ሁለቱን ማዋሐድ የቻለ ማኅበረሰብ ብቻ ነው ሁለቱንም የሚያተርፈው።

የተራራው ፍርድ

የደብረ ሲና ተረተር ራሱ ለዚህ ምስክር ሆኗል። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ከከባድ ዝናም በኋላ በአካባቢው ታላቅ የመሬት መንሸራተት ደርሶ ብዙ ቤተሰቦች ከመኖሪያቸው ተፈናቅለዋል፤ ማሳና ቤትም ጠፍቷል። መንሥኤው በዋነኛነት የተዳፋቱ ቁልቁለት፣ የድንጋዩ መበስበስና የውሃው መብዛት ነው። የተራራ ምድር የሰውን ስሕተት የሚታገሥበት ልክ ጠባብ መሆኑን ግን ሁሉም አይቶበታል።

የይፋት ሕዝብ ከዚህም የከፋ ፈተና አይቷል። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በሸዋ ሮቢት አካባቢ በተነሣው ግጭት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፣ መኖሪያ ቤቶች ተቃጥለዋል፤ በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወርም ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ እርከን የሚጠግን፣ ችግኝ የሚያጠጣ፣ በቦይ ውሃ ተራ የሚጠብቅ አይገኝም። ሰላም ከሌለ የተፈጥሮ ጥበቃ አይኖርም፤ የውሃ ክፍፍሉ ካልተስተካከለም ሰላሙ አይጸናም።

በዓለም አቀፍ ደረጃም የሃይማኖት መሪዎች ድምፃቸውን አሰምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 የአምስት ሃይማኖቶች ተወካዮች በኢጣሊያ በአሲዚ ከተማ ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ ተሰበሰቡ። እ.ኤ.አ. በ2015 የሮማው ፖፕ ፍራንሲስ ስለ ምድር ጥበቃ ሐዋርያዊ መልእክት አወጡ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር የሙስሊም ሊቃውንት በኢስታንቡል ተሰብስበው ስለ አየር ንብረት ለውጥ የጋራ መግለጫ ሰጡ። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ ተመሥርቷል። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ በአንድ ቀን የችግኝ ተከላ በተደረገ ጊዜ ካህኑም፣ ሼኩም፣ ተማሪውም ችግኝ ይዘው ታይተዋል።

የእነዚህ መግለጫዎች ዋና ነጥብ ፍትሕ ነው። ኢትዮጵያ ወደ ሰማይ የምትለቀው የሚያሞቅ ጋዝ ከዓለም ድምር ከአንድ በመቶ በታች ነው፤ በድርቁና በጎርፉ የምትከፍለው ግን ከድርሻዋ እጅግ የበለጠ ነው። ጭሱን የለቀቀው አንድ፣ ጉዳቱን የተሸከመው ሌላ ነው። በዓለም ሸንጎ የኢትዮጵያ ገበሬ ያለበት ሁኔታ፣ ቀድሞ በጓሳው ሸንጎ የይፋት ቆለኛ ከነበረበት ሁኔታ ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ በራሱ ሕይወት ላይ በሚወሰን ጉዳይ ቦታ አልተሰጠውም። ስለዚህ ለዓለም ፍትሕ የሚጠይቅ ሕዝብ በቅድሚያ በራሱ ተረተር ላይ ፍትሕን ማሳየት ይጠበቅበታል።

ለዚህ የሚሆን መሠረት ከሩቅ አይፈለግም። በደቡብ ጎንደር አንዳንድ አጥቢያዎች ካህናትና ምእመናን ከማሳቸው የለቀሙትን ድንጋይ በደኑ ዙሪያ ካብ አድርገው ሠርተዋል። ማሳው ከድንጋይ ነጻ ወጣ፤ ዐጸዱም ከከብት ተጠበቀ፤ ካቡ ከጥንቱ የዛፍ ወሰን ውጭ በተሠራበትም ቦታ ደኑ እየሰፋ ወደ ውጭ ተራመደ። በይፋት የአርጎባው እርከን፣ በመንዝ የጓሳው መዝጋትና መክፈት፣ በወፍ ዋሻ የጥንቱ ጽድ አሉ። የጎደለው ደገኛውና ቆለኛው፣ ካህኑና ሼኩ፣ ጓሳውን የሚጠብቀውና የሮቢን ውሃ በቦይ የሚጠልፈው ገበሬ በአንድነት የሚቀመጡበት ሸንጎ ነው። ጥንት አድባር ሥር ሽማግሌዎች የሚቀመጡት ለአንድ መንደር ነበር፤ የአሁኑ አድባር ግን ከጓሳው ጫፍ እስከ አዋሽ መጨረሻ ያለውን ሕዝብ ሁሉ የሚያስጠልል መሆን ይገባዋል።